የእንኮይ የመጀመሪያ ውሸት

እንኮይ ማክሰኞ ዕለት አምስት ዓመት ሞላት። አራት የሞላት ጥር ላይ ነበር፤ ሦስት ደግሞ ኅዳር ላይ። ውዴነሽ እንደ ልማዷ ትንሽ ኬክ ይዛላት መጣች። እንኮይም እንደ ልማዷ ሻማውን እፍ ብላ አጠፋችና ኬኩን መልሳ ለውዴነሽ ሰጠቻት። ሆድ የላትም፤ ልደት ያለ ኬክ እንደማይሆን ግን ታውቃለች።

እንኮይ ልጅምስል ናት። ልጅምስሎች ገላቸው ከለስላሳ ጎማ የተሠራ፣ እንደ ልጅ የሚያስቡ ሰው ሠራሽ ሕፃናት ናቸው። የሚኖሩትም በዓባያ ሐይቅ ላይ በተንሳፈፈችው ከተማ፣ በመምህራን ኮሌጁ ውስጥ ነው። ቁመታቸው አይጨምርም፤ አእምሯቸው ግን በአንድ የትምህርት ዘመን ውስጥ ከሁለት ዓመት ሕፃን ተነሥቶ ሰባት ዓመት ይደርሳል። የሕፃናት መምህር ለመሆን የሚማር ሁሉ አንድ ልጅምስል ይረከባል፤ አጫውቶ፣ አስተምሮ፣ አባብሎ ያሳድጋል። በሰው ልጅ ላይ ከመሳሳት በጎማ ላይ እጅን ማፍታታት ይሻላል የሚል ሐሳብ ነው። ሐሳቡ መጥፎ አይደለም።

መጥፎው ሰኔ ላይ ነው። ሰኔ ላይ ልጅምስሎቹ «ይታጠባሉ»። ኮሌጁ ለክፉ ነገር ሁሉ ለስላሳ ስም አያጣም፤ መታጠብ ማለት ያዩትን፣ የሰሙትንና የወደዱትን ሁሉ ከአእምሯቸው ጠርጎ እንደገና የሁለት ዓመት ሕፃን ማድረግ ነው፤ ለሚቀጥለው ሠልጣኝ እንዲሆኑ። ይህ ለልጆቹ አይነገራቸውም። «ትልቁ ትምህርት ቤት ትገባላችሁ» ይባላሉ። ውዴነሽም ለእንኮይ እንደዚያው ብላታለች፤ ያላለ ሠልጣኝ የለም።

ውዴነሽ ለመመረቅ የቸኮለችበት ምክንያት ነበራት። ያደገችው ጨው በር በምትባል ቆላማ ከተማ ነው። እዚያ መምህር ከጠፋ ቆይቷል፤ ልጆቹን የሚያስተምራቸው ተናጋሪ ግድግዳ ነው። ግድግዳው ይጠይቃል፣ ያርማል፣ ጎበዝ ይላል። አንድ ልጅ ጥግ ይዞ ሲያለቅስ ቢውል ግን ነገሬ አይለውም። የውዴነሽ ታላቅ ወንድም ልጆች እዚያ ናቸው። የከተማው ሰው ተማክሮ አንድ ክፍል ባዶውን አስቀምጦላታል፤ መስከረም ላይ ካልደረሰች ግን ሌላ ግድግዳ ሊገዛ ወስኗል። ጨው በር ደግሞ አንድ ጊዜ ከገዛ መልሶ አያወጣም።

የልደቱ ቀን ውዴነሽ ሁለት ጣሳ አወጣች፤ አንድ ቀይ፣ አንድ ሰማያዊ። የልጆችን አስተሳሰብ የሚያጠና ሁሉ የሚያውቀው ጨዋታ ነው። አሻንጉሊቷ ከረሜላዋን ቀዩ ጣሳ ውስጥ ደብቃ ትወጣለች። እሷ ሳታይ ከረሜላው ወደ ሰማያዊው ይዛወራል። አሻንጉሊቷ ስትመለስ የትኛውን ትከፍታለች? ትንሽ ልጅ ሰማያዊውን ይላል፤ እሱ ያየውን ሁሉም ሰው ያየው ይመስለዋልና። ሌላው ሰው የራሱ የሆነ፣ የተሳሳተም ሊሆን የሚችል ሐሳብ እንዳለው የገባው ልጅ ግን ቀዩን ይላል።

እንኮይ ጥር ላይ ሰማያዊውን ብላ ነበር። ዛሬ ግን ጣቷን ወደ ቀዩ ቀሰረች።

«ለምን ቀዩን?» አለቻት ውዴነሽ፣ ደስታዋን ለመደበቅ እየታገለች።

«ሲቀየር አላየችማ። አለ ብላ ያሰበችው እዚያ ነው።» እንኮይ ትንሽ አሰብ አደረገችና ጠየቀች፤ «እትዬ፣ እኔ የማውቀውን አንቺ ላታውቂ ትችያለሽ ማለት ነው?»

ውዴነሽ ለእንኮይ ጥያቄ በቀጥታ መልስ አትሰጥም። ልጅ ራሱ ይድረስበት ብላ የያዘችው ዘዴ ነው። «አንቺ ምን ይመስልሻል?» አለቻት።

ውዴነሽ አቀፈቻትና ኬኩን ብቻዋን በላች።

ሚያዝያ ላይ ፊት ለፊት ያለው ክፍል ልጅ፣ ቡሼ፣ «ትልቁ ትምህርት ቤት» ገባ። የያዘችው ሠልጣኝ ከሁሉ ቀድማ ተመርቃ ነበር። ቡሼ ልጆቹን ሁሉ ስሞ ተሰናብቶ ወጣ። በሳምንቱ አንድ ልጅ እየተውተረተረ በኮሪደሩ መጣ፤ የቡሼ ፊት፣ የቡሼ ገላ፣ ግን ስሙን የማያውቅ።

«ቡሼ ነው» አለች እንኮይ።

«አይደለም፤ የሚመስለው ሌላ ልጅ ነው» አለቻት ውዴነሽ። ኮሌጁ እንዲህ በሉ ያለውን ነው ያለችው።

እንኮይ የልጁን ግራ ጆሮ ትክ ብላ ስታይ ቆየች። ከዚያ ፊቷን አዞረችና ስለ ሌላ ነገር ጠየቀች፤ ጎረቤታቸው ቶላ በዕድሜ ከሁሉም የሚበልጠው ለምን እንደሆነ። ውዴነሽ ቢያንስ በዚህኛው እውነቱን መናገር እችላለሁ ብላ ደስ አላት።

«ቶላን ባለፈው ዓመት መምህርቱ በጥፊ መታችው» አለቻት። «እዚህ ልጅ የመታ ሰው አይባረርም፣ አይመረቅምም። ልጁ መልሶ እስኪያምነው ድረስ አብሮት ይቆያል። ስለዚህ ቶላም ከእሷ ጋር ቆየ።»

«አሁን አመናት?»

«እያሰበበት ነው መሰለኝ» አለች ውዴነሽ እየሳቀች።

ግንቦት ሲጋመስ የልምምድ ክፍሉ ኃላፊ፣ ዶክተር ጥሩዓለም፣ ውዴነሽን ቢሮ አስጠሯት። ጠና ያሉ፣ ድምፃቸውን የማያነሡ ሴት ናቸው። ብዙ መምህራን ያወጡ፣ ብዙ ልጅምስሎችም ያሳጠቡ።

«ተቀመጪ» አሏት። «እንኮይ መታችኝ ብላለች።»

ውዴነሽ ሳቀች። ዶክተሯ አልሳቁም።

«ማን መታችኝ አለች?» ብላ ጠየቀች ውዴነሽ።

«አንቺ። በትናንትናው የንባብ ሰዓት፣ ክንዷ ላይ። ሁለት ጊዜ ጠየቅኋት፤ ሁለት ጊዜ እንደዚያው አለች።»

ውዴነሽ ክው ብላ ቀረች። በልምምድ ክፍሎቹ ውስጥ ካሜራ የለም፤ ሠልጣኝ ከታየ ያስመስላል ተብሎ እንዲቀር የተደረገ ነው። ያለው የልጁ ቃል ብቻ ነው። የልጁ ቃል ደግሞ በዚህ ግቢ ውስጥ ከማንም ምስክር ይበልጣል፤ ልጅምስል አይዋሽማ። አምራቹ ሲሸጣቸው የገባው ዋስትና ነው፤ የሚዋሽ ቢገኝ ብልሹ ነውና በዚያው ቀን ይታጠባል።

«ዶክተር፣ እኔን ያውቁኛል» አለች ውዴነሽ።

«አውቅሻለሁ ልጄ። የቶላን መምህርም አውቃት ነበር።»

ከቢሮው ወጣች። ይህቺን ልጅ ቀለም ያስለየቻት፣ መብረቅ ስትፈራ ያቀፈቻት፣ ስሟን እንኳ ያወጣችላት እሷ ናት። የራሷ እናት ታማ ሳለ ኬክ ይዛ የመጣችላት ልጅ ናት። ጉድ ሠራችኝ አለች ለራሷ። ሰው ቢከዳት ባልደነቃት፤ ሰውማ ከድቷት ያውቃል። በጎማ ልጅ መከዳት ግን የት ተወስዶ፣ ለማን ይነገራል? ከዚያ የመጀመሪያው ድንጋጤ ሲበርድላት፣ ሌላ ነገር ትዝ አላት፤ መጽሐፉ የሚለው። ሌላው ሰው የተሳሳተ ሐሳብ ሊይዝ እንደሚችል የገባው ልጅ ብዙም ሳይቆይ የተሳሳተ ሐሳብ መስጠትም ይችላል። ሁለቱ የሚመጡት ተከታትለው ነው። ቀዩን ጣሳ ያሳየቻት እሷ ራሷ ናት።

ጉዳዩ ሳይታይ በፊት ከእንኮይ ጋር ጥቂት ደቂቃ እንድትቀመጥ ፈቀዱላት። እንኮይ ወለሉ ላይ ተቀምጣ ጣሳዎቹን አንዱን በአንዱ ላይ ትደረድር ነበር። ቀና ብላ አላየቻትም።

«መታሁሽ?» አለቻት ውዴነሽ።

«አልመታሽኝም።»

«ታዲያ ዓይንሽን በጨው አጥበሽ መታችኝ ያልሽው ምን አድርጌሽ ነው?»

«የቡሼን ጆሮ የነከስኩት እኔ ነኝ» አለች እንኮይ። «ኳስ ሲቀማኝ። የሚጠግነን ጀማል ሠራለት፤ ግን ምልክቱ አለ። አዲሱም ልጅ ላይ አለ። አንቺ ሌላ ልጅ ነው አልሽኝ።» ሰማያዊውን ጣሳ አነሣች፤ መልሳ አስቀመጠችው። «ትልቁ ትምህርት ቤት የለም አይደል እትዬ? ሠልጣኞቹ ታጠበ ሲሉ ሰምቻለሁ፤ የዋሸም በቀኑ ይታጠባል ሲሉ። ቶላ ግን ቶላ እንደሆነ ቀረ። መምህርቱ ስለመታችው።»

ውዴነሽ እየተቆጣች ነበር የገባችው፤ ቁጣዋም አልለቀቃትም። ግን ማን ማንን ቀድሞ እንደከዳ ሲቆጠር፣ ዓመቱን ሙሉ እያሳሳቀች ስትዋሽ የኖረችው እሷ ሆና ተገኘች። ልጅቱ የዋሸችው አንድ ጊዜ ነው፤ እሱንም አብራት ለመቆየት ብላ።

«ጨው በር የሚጠብቁኝ ልጆች አሉ» አለቻት በመጨረሻ። «ነግሬሽ ነበር።»

«ነግረሽኛል» አለች እንኮይ። «እነሱን ማንም አያጥባቸውም።»

ውዴነሽ ተነሣች። ጣሳዎቹን ሰብስባ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች። ምን ልታደርግ እንደሆነ ታውቅ ነበር። ጉዳዩን በሚያዩት ሰዎች ፊት ጨዋታውን ታጫውታታለች፤ ከዚያ አሻንጉሊቷን አሳስቺያት ትላታለች። እንኮይ ደግሞ በጨዋታ እምቢ ማለት አይሆንላትም፤ ለአሻንጉሊቷ ከረሜላው ቀዩ ውስጥ ነው ብላ ትነግራታለች። ልጅምስል መዋሸት እንደሚችል በዓይናቸው ያያሉ። ደቂቃ አይፈጅም። ውዴነሽ ነፃ ትወጣለች፤ ጨው በር መምህር ያገኛል። እንኮይ ያኔውኑ ትታጠባለች። ሰኔ ላይ መታጠቧ ላይቀር እያለች ልቧን አደነደነች።

በስብሰባው ክፍል ዶክተር ጥሩዓለምና የአምራቹ ወኪል አቶ ፍሥሐጽዮን ተቀምጠዋል። ወኪሉ ሽቶ የተቀባ፣ ሰዓቱን ደጋግሞ የሚያይ ሰው ነው። ውዴነሽ ጠረጴዛው ላይ ሁለቱን ጣሳዎች አኖረች። አሻንጉሊቷን ልታወጣ እጇን ወደ ቦርሳዋ ሰደደች።

እንኮይ ጣሳዎቹን አየች። ከዚያ ውዴነሽን አየቻት። ፊቷን አንብባ ሊሆን ያለው ገባት፤ ፊት ማንበብ ያስተማረቻትም ውዴነሽ ነበረች።

«አልመታችኝም» አለች እንኮይ። «ዋሽቼ ነው።»

የውዴነሽ እጅ ቦርሳው ውስጥ እንዳለ ቀረ። ይህን ቃል የተናገረ ልጅምስል ምን እንደሚጠብቀው እንኮይ ታውቃለች። ራሷን አሳልፋ ሰጠችልኝ አለች ውዴነሽ በልቧ።

አቶ ፍሥሐጽዮን ግን ሳቀ። «የእኛ ልጆች አይዋሹም» አለ። «ያስጠኗቸውን ግን ይደግማሉ። ከእሷ ጋር ብቻዋን አስቀመጣችኋት አይደል? አልመታችኝም በይ ብላ አስጠንታታለች፤ አለቀ።»

ዶክተር ጥሩዓለም ወደ ውዴነሽ ዞሩ። «ከመምታቱ ይልቅ ይሄ አሳዘነኝ» አሏት። «ልጅ መምታት በንዴት ይሆናል። ልጅን ለራስ ማዳኛ ማስጠናት ግን ታስቦበት ነው።»

ውዴነሽ ጣሳዎቹን አየች። አሁንም ደቂቃ አይፈጅም ነበር። ወንድሟ ክፍሉን ቀለም እያስቀባ እንደሆነ ነግሯታል። ልጆቹ ስሟን ተለማምደዋል። እንኮይ ደግሞ ወንበሯ ላይ ተቀምጣ እግሯን ታወዛውዛለች፤ ወለሉ አይደርስላትም፤ መቼም አይደርስላትም።

ቀዩን ጣሳ አነሣች፤ ሰማያዊውን በላዩ አደረገች፤ ሁለቱንም መልሳ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተች።

«የምለው የለኝም» አለች።

እንደ ደንቡ ተወሰነ። ውዴነሽ አትመረቅም፤ እንኮይ አትታጠብም፤ እምነቷ እስኪመለስ አብረው ይቆያሉ። ውዴነሽ እዚያው በር ላይ ቆማ ለወንድሟ ደውላ እንደማትመጣ ነገረችው። ለምን ብሎ ሲጠይቃት ልጅ መታሽ ተባልኩ አለችው። መታሽ ወይ አላላትም። እንግዲህ ግድግዳውን እንገዛለን አላት። አለመጠየቁ ዶክተሯ ካሉት ሁሉ በላይ አመማት።

በኮሪደሩ ሲመለሱ እንኮይ እጇን ያዘቻት። መስኮቱ ላይ ሐይቁ ይታያል። ያ ቡሼ የነበረው ልጅ በአዲስ ሠልጣኝ እየተደገፈ በጎናቸው አለፈ፤ እንኮይ ዞራ አላየችውም።

የሰባት ዓመት ልጆች የሚደርሱበት ሌላ ደረጃ አለ። ሌላው ሰው ምን ያስባል ከሚለው ያልፉና፣ እኔ ይህን ብል እሱ ስለ እኔ ምን ብሎ ያስባል ወደሚለው ይሄዳሉ። እንኮይ ገና ስድስትን እንኳ አልደፈነችም። እውነቱን የተናገረችው ልትታጠብ እንደምትችል አውቃ፣ ለውዴነሽ ብላ ከሆነ፣ በዚህ ዓለም ውዴነሽን እንዲህ የወደዳት የለም። እንደማያምኗት አስቀድማ አውቃ ከሆነ ግን፣ እውነቱ ራሱ ሁለተኛው ውሸቷ ነው፤ ውዴነሽም በአንድ ሳምንት ውስጥ ሁለት ጊዜ ተከድታለች፤ ቦርሳዋንም የዘጋችው ተታልላ ነው። ልጅቱን ከፍተው ቢያዩ አይገኝም። የሰውስ ልብ መቼ ተከፍቶ ታይቶ ያውቃል።

ውዴነሽ ቆመች። በርከክ ብላ ከእንኮይ ዓይን ጋር ተስተካከለች።

«እንኮዬ፣ እውነቱን ስትነግሪያቸው እንደማያምኑሽ ታውቂ ነበር?»

እንኮይ በጎማ ጣቶቿ የውዴነሽን ነጠላ ጫፍ ስታስተካክል ቆየች።

«አንቺ ምን ይመስልሻል እትዬ?» አለቻት።

ውዴነሽ ዓመቱን ሙሉ ይህን ጥያቄ ስትጠይቅ መልሱን ታውቅ ነበር፤ አሁን ግን አታውቀውም።