የእማዬ ልክ

ሰው ሁሉ እናት እንዳለችው ትዝ የሚለው የእናቶች ቀን ሲቃረብ ነው። በዚያች ሳምንት ልብስ ስፌት ቤቴ ውስጥ መፈናፈኛ አይገኝም፤ «ለእናቴ ነው፣ አደራ» የማይል ደንበኛ የለም። ድሮ ደስ ይለኝ ነበር። እማዬ ካረፈች ግን አራት ወሯ ነው፤ ዘንድሮ «ለእናቴ» የሚል ሁሉ እኔን ሊያበሽቅ የተላከ ይመስለኛል።

ከሁሉ የባሰው ደግሞ የምወደው ሰው ነው። ከመንገዱ ማዶ ባለችው ጠባብ ክፍል ሰዓት ይጠግናል። የተዋወቅነው ዓምና የኮቱ ኪስ ተቀዶ፣ ብሎን እያንጠባጠበ ሲመጣ ነው። ብሎኖቹን ከወለሉ ስንለቅም ግንባራችን ተጋጨ። ከዚያ ወዲህ ኪሱ በየሳምንቱ ይቀደድ ጀመር።

በዓሉ ሁለት ሳምንት ሲቀረው ሰማያዊ ጨርቅ ይዞ መጣ። የእናቱን ልክ የጻፈበት ወረቀት በመርፌ ቁልፍ ተያይዞበታል።

«ራሴ ነኝ የለካኋት» አለ። «ጉልበቷን ስለሚያማት መምጣት አልቻለችም።»

«እሺ፣ ይደርሳል።»

«የበዓሉ እሑድ ምሳ እኛ ቤት ነው፤ አንቺም አለሽ። የማገባት ልጅ ይቺ ናት ብዬ ላስተዋውቅሽ ነው።»

መቀሱን አስቀመጥኩ። ልቤ ደስ አለው፤ ደስ ማለቱ ደግሞ አናደደኝ። እናቷን በቀበረች በአራት ወሯ፣ ያውም በዚያ ቀን፣ የሰው እናት ቤት ሄዳ ምሳ የምትበላ ምን ዓይነት ልጅ ናት?

«እንጃ» አልኩት።

«እንጃ ማለት እሺ ነው እምቢ?»

«እንጃ ማለት እንጃ ነው።»

ትኩር ብሎ አየኝ። ሰዓት ከፍቶ የተበላሸውን ሲፈልግ እንዲሁ ነው የሚያየው።

«ግድ የለም» አለ በመጨረሻ። «ከመጣሽ መጣሽ። ከቀረሽ ግን መልስሽ እምቢ መሆኑ ይገባኛል፤ ሁለተኛ አልጠይቅሽም።»

ቀሚሱን በማግስቱ ቆረጥኩት። ልሂድ? ልቅር? እያልኩ ከራሴ ጋር ስጨቃጨቅ ዋልኩ፤ ሥራውን የሠራው እጄ ብቻ ነው። በዓሉ ሁለት ቀን ሲቀረው፣ ዓርብ፣ መጥቶ ወሰደው። ቅዳሜ ጠዋት መልሶ አምጥቶ ጠረጴዛዬ ላይ ጣለው።

«ትከሻዋን እንኳ አላለፈም» አለ። «መምጣት ካልፈለግሽ አፍ አውጥተሽ እምቢ ማለት ነበር። የእሷን ልብስ ማበላሸት ምን ይባላል?»

«እኔ በቂም ጨርቅ አልቆርጥም።»

«ታዲያ ይሄ ምንድን ነው?»

ሜትሬን ካንገቴ አውርጄ ለካሁ። ደረት ዘጠና ሁለት፣ ወገብ ሰባ ስምንት። እሱ የጻፈው ደረት መቶ አሥራ አራት ነው። ደግሜ መለካት አላስፈለገኝም። አሥራ አንድ ዓመት ሙሉ፣ በየዓመቱ ለዚህ በዓል፣ ደብተር ሳልገልጥ ለእማዬ የምቆርጠው ልክ ነው።

«የማን ልክ ነው?» አለ፣ ሜትሩን ከወረቀቱ ጋር አስተያይቶ።

 ከአፌ «ውጣልኝ» የምትለዋ ብቻ ወጣች። ወጣ። በሩን በቀስታ ዘጋው፤ ቢያላትመው ይሻለኝ ነበር።

መጋረጃውን ስቤ ቀሚሱን ለበስኩት። ለምን እንደለበስኩት አላውቅም። ለሰው ስለካ እየዋልኩ የራሴን ልክ ለክቼ አላውቅም፤ ያገኘሁትን ጣል አድርጌ ነው የምወጣው። የጎኑ ዚፕ ያለ ትግል ተዘጋ። ወገቡ ልክ፣ ትከሻው ልክ። ዕድሜዬን ሁሉ «ቁርጥ አባቷን» ስባል ኖሬ፣ መስታወቱ ውስጥ እማዬ ቆማ ታየኛለች። ሳቄ መጣ፤ መሀል ላይ ልቅሶ ሆነ። የቱን እንደማስቀድም ግራ ገብቶኝ መሬት ላይ ቁጭ አልኩ።

እሑድ በምሳ ሰዓት በራቸውን አንኳኳሁ። የከፈቱልኝ እናትየው ናቸው፤ ከዘራቸውን ተደግፈው በሩን ሞልተው ቆሙ። ልጃቸው ከኋላቸው ሰሃን እንደያዘ ደርቆ ቀረ።

«ይሄ ቀሚስ የኔ አልነበረም እንዴ?» አሉ።

መንገዱን ሙሉ ስለማመደው የመጣሁት ንግግር ብን ብሎ ጠፋ።

«ጨርቁ የእርስዎ ነው፣ እትዬ። ልኩ የእናቴ ነው። እናቴ ሞታለች፤ እጄ ግን ገና አልሰማም።»

ከላይ እስከ ታች አዩኝ።

«ወገብ ነበራታ» አሉ።

ሳቅኩ። እሳቸውም ሳቁ። ሰዓት ሠሪው ሰሃኑን አስቀመጠ።

«ሐዘኑ ገና እንዳልወጣልሽ ለምን አልነገርሽኝም?»

«ለኔስ መቼ ገባኝና?»

ከቦርሳዬ ሜትሬን አወጣሁ። «አዲስ እሰፋልዎታለሁ፣ እትዬ። የሰዓት ሠሪ ልክ ግን አላምንም፤ እጅዎን ያንሱልኝ።»

አነሱልኝ። ሞላ ያለ ሰው ደረት ሲለካ ሜትሩን በጀርባ ለማዞር ማቀፍ ግድ ነው። አቀፍኳቸው። ጠረናቸው የእማዬ አይደለም፤ ቁመታቸውም አይደለም፤ ምናቸውም አይደለም። ይህን እያወቅኩ እጄ አልለቅ አለ። እሳቸውም ያነሱትን እጅ ቀስ ብለው ጀርባዬ ላይ አሳረፉት። ሜትሩ አምልጦኝ ወደቀ።

«ስንት ሆነ?» አለ ሰዓት ሠሪው፣ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዞ።

«እንጃ» አልኩት።

«እንጃ ማለት…»

«አንተ ደግሞ» አሉ እናቱ ሳይለቁኝ፣ «ምሳውን አቅርብ። ልጄ ነገ መጥታ ደግማ ትለካኛለች።»