አሥራ አንድ መስመር ኮድ

ፈጥረህ ነው ብትሉኝ አልቀየማችሁም። ምነው ፈጥሬው በሆነ! ግን ሆኗል... ሐሙስ ቀን፣ ከቀኑ ዘጠኝ ሰዓት ከሩብ፣ ፀሐይ በመስኮት እየገባች፣ ሆስፒታል ውስጥ።

ሥራዬ ለሕክምና ማሽኖች ሶፍትዌር መጻፍ ነው። ድርጅታችን መድኃኒት በደም ሥር በጠብታ የሚሰጥ ፓምፕ ይሠራል። ፓምፑ እያንዳንዷን ጠብታ የሚለቀው ውስጡ ያለች የሰዓት ቺፕ እየቆጠረችለት ነው።

ቺፗ ግን ጤና አልነበራትም።

በቀን አንዴ ወደ ኋላ ትመለሳለች። አራት ሰከንድ። ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ ትቀጥላለች።

"ሌላ ቺፕ እንዘዝ" አልኩት አለቃዬን።

"ሦስት ወር ይፈጃል። በኮድ ሸፋፍነው።"

ሸፋፈንኩት። ከርነል የምንለው የኦፐሬቲንግ ሲስተሙ እምብርት ውስጥ አሥራ አንድ መስመር ጨመርኩ። ፓምፑን እንዲህ የሚል፦ ቺፗ ወደ ኋላ ከተመለሰች አትመናት፤ እስክትደርስበት ድረስ የመጨረሻውን ሰዓት ይዘህ ጠብቅ። ሰዓቱ ሲዛባ የሚጮኸውን ማስጠንቀቂያም አንዴ ብቻ ጮኾ ለዘላለም ዝም እንዲል አደረግኩት፤ በየቀኑ ሲጮህ አለቃዬን ራሱን ያመው ነበር።

"አንተ እኮ ጉድ ነህ!" አለኝ። ደስ አለኝ።

ቺፖቹን የሚበይዱት ሰውዬ፣ "ጋሽ ብየዳ" የምንላቸው፣ አንድ ቀን ጠጋ ብለው አንሾካሾኩ።

"አራት ቺፕ ቀያየርኩ። አራቱም የሚመለሱት ዘጠኝ ከሩብ ላይ ነው። እኩል..."

"ሸፍኜዋለሁ እኮ ጋሼ።"

"እሱማ ሸፍነሃል። ግን አራት ሰከንድ የነበረው አሁን ደቂቃ አልፏል። ደግሞስ... የተሳሳተችው ቺፗ ባትሆንስ?"

ሳቅኩባቸው።

በሁለተኛው ወር አባቴ ታመመ። የደም ግፊቱ ወርዶ ሆስፒታል ተኛ። አልጋው አጠገብ ያቆሙለት ፓምፕ የእኛ ነበር። ግፊቱን ደግፋ የያዘችው ያቺ ጠብታ ናት።

ዘጠኝ ከሩብ ሲሆን ሁለት ጊዜ አሳለው።

"ልጄ፣ ውኃውን አቀብለኝ።"

አቀበልኩት። ጨለጠውና ባዶውን ብርጭቆ ኮመዲኖው ላይ አስቀመጠ። ነርሷ ብቅ አለች። "እንዴት ዋላችሁ?" ብላ በሩን መለስ አደረገችው።

ሁለት ጊዜ አሳለው።

"ልጄ፣ ውኃውን አቀብለኝ።"

ብርጭቆው ሙሉ ነበር።

እንደገና አቀበልኩት። ጨለጠው። ነርሷ ብቅ አለች።

"እንዴት ዋላችሁ?"

ወደ ፓምፑ ዞርኩ። ሰዓቱ ቆሟል። ጠብታውም ቆሟል።

ያኔ ገባኝ። ቺፗ ምንም አልሆነችም። ወደ ኋላ የሚመለሰው ጊዜው ራሱ ነው... እሷ ያየችውን ትናገራለች፣ የእኔ ኮድ አፏን ይይዛታል።

"ሲስተር! ጠብታው ቆሟል!"

"ምንም አልጮኸም እኮ። ማክሰኞ አንዴ ጮኾ አጠፋነው። ከዚያ ወዲህ ሰላም ነው።"

"ፓምፑ ስህተት አለበት፣ የሠራሁት እኔ ነኝ፣ ቶሎ ቀይሩት" ማለት ነበረብኝ። ሥራዬ ታየኝ። ፍርድ ቤት ታየኝ።

"እስቲ... አንዴ ልየው" አልኩ።

አየሁት። ቆሜ አየሁት።

ሰዓቱ እንደገና ሲንቀሳቀስ የአባቴ እጅ ቀዝቅዞ ነበር።

ለማንም አልተናገርኩም። አለቃዬ ቀብር መጥቶ "አይዞህ" አለኝ። ባንቀው ደስታዬ ነበር፤ ግን ኮዱን የጻፈው የእኔ እጅ ነው።

ትናንት ያንኑ ፓምፕ ለምርመራ ወደ እኛ መለሱት። ጠረጴዛዬ ላይ አስቀምጬ አሥራ አንዱንም መስመር ሰረዝኩ። ጋሽ ብየዳ ከበሩ ሆነው አዩኝ። ወጥተው በሩን ዘጉልኝ።

ውኃዬን ጨለጥኩና ብርጭቆውን አስቀምጬ ጠበቅኩ።

ዘጠኝ ከሩብ...

የፓምፑ ሰዓት ወደ ኋላ መሮጥ ጀመረ። የሚይዘው አልነበረም።

ብርጭቆዬን አየሁ። ሙሉ ነው።

ከኋላዬ አንድ ሰው ሳለ። ሁለት ጊዜ።

"ልጄ፣ ውኃውን አቀብለኝ።"

አልዞርኩም። ብርጭቆውን አነሳሁና በትከሻዬ በኩል ወደ ኋላ ዘረጋሁት...

ብርጭቆው እጄ ላይ ቀስ እያለ ቀለለ።