የማይቀዘቅዘው ክዳን

ሮቤራን የገደለው ራሱ የሠራው ላፕቶፕ ነው ተብሎ በነቀምቴ ተወርቶ አልቋል። ኢንስፔክተር ኬኔ ግን ገና በሩ ላይ ቆማ አስከሬኑን እያየች ነበር።

ቤቱ ወደ አኖ በሚወስደው መንገድ ዳር ያለ ጠባብ ወርክሾፕ ነው። ሮቤራና ባልደረቦቹ ለወለጋ ትምህርት ቤቶች የሚሆን ላፕቶፕ የሚገጣጥሙት እዚያ ነበር። ሟቹ ከወንበሩ ሥር በጎኑ ተጋድሟል፤ ከጆሮው ጀርባ ደም ደርቋል። ጠረጴዛው ላይ ብርማ ላፕቶፕ ተከፍቶ ተቀምጧል። ከሶኬት የሚመጣው ገመድ ተልጦ፣ የተራቆተው ሽቦ የላፕቶፑን ጠርዝ ነክቷል።

ስልኳ ጮኸ። አለቃዋ ነበሩ።

«ኤሌክትሪክ ይዞት ወድቋል፤ ሲወድቅ ጭንቅላቱን ተመታ። ምኑ ነው የሚመረመረው? ዛሬውኑ ዝጊው።»

«ሐኪም ገና አላየውም ጌታዬ።»

«ሐኪሙ መቼ ነው የሚያየው?»

እሷም ይህንኑ ለማወቅ ጠዋቱን ሙሉ ስትደውል ነበር፤ የሚያነሳ አልተገኘም። ስልኩን ኪሷ ከተተችና መብራቱን ከቆጣሪው አጠፋች። የሮቤራን መዳፎች አገላብጣ አየች፤ የተቃጠለ ቦታ የለም። ክረምቱ ቤቱን አቀዝቅዞታል፤ ስትነሳ የተደገፈችው የጠረጴዛ ብረት ጣቷን ቆረጠማት። ላፕቶፑን ስትዘጋው ግን ክዳኑ ምንም አላላትም። የሆነ ነገር ልክ አልመጣላትም፤ ምን እንደሆነ አለማወቋ ደግሞ ይበልጥ አናደዳት።

አስከሬኑን ያገኘችው ጠዋት በሩን የከፈተችው ሊሊሴ ናት፤ የላፕቶፖቹን ቀፎ፣ ማለትም የውጭ ሽፋኑን፣ የምትሠራው እሷ ነች። ኬኔ ወደ ደጅ ወሰደቻት።

«ማታ ስትወጪ ገመዱ እንዲህ ነበር?»

«ደህና ነበር። እኔው ነኝ የሰካሁት።»

«ስለ ገመዱ ለማን ተናገርሽ?»

«ለማንም። ወድቆ አየሁት ብዬ ብቻ ነው የጮኽኩት።»

«እንዳትናገሪ። ከማን ጋር ተጣልቶ ነበር?»

«ከጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ጋር ሁልጊዜ ይጨቃጨቃሉ። እሳቸው ቀፎው ብረት ይሁን ይላሉ፤ እሱ ፕላስቲክ ይሻላል ይላል።»

«ሌላስ?»

ሊሊሴ የነጠላዋን ጫፍ በጣቷ ጠመዘዘች። «ሌላ የለም።»

እንዳለ ያስታውቃል። ኬኔ ደጋግማ ብትጠይቃትም ለቅሶ እንጂ መልስ አላገኘችም።

ሀብተጊዮርጊስ ዕድሜያቸውን በጨርቃ ጨርቅ ንግድ ያሳለፉ፣ ለወርክሾፑ መነሻ ገንዘቡን የሰጡ አዛውንት ናቸው። ዓይናቸው ደክሟል። ከሱቃቸው ደጃፍ ተቀምጠው አገኘቻቸው።

«ሰው ዕቃ የሚገዛው በዓይኑ ነው ልጄ። ፕላስቲክ ሲያይ መጫወቻ ይመስለዋል። ይህን ስለው ይቆጣ ነበር።»

«ትናንትስ ተቆጥቷል?»

«ትናንትማ ሳቀብኝ። ከሰዓት ገብቼ ያንን ላፕቶፕ ስዳብሰው ‹ይሄ ነገር አይቀዘቅዝም፤ ብረት አይደለም› አልኩት። ጣቱን ከንፈሩ ላይ አድርጎ ‹እስከ ነገ ዝም ይበሉልኝ ጋሼ› አለኝ። ሊሊሴም ነበረች።»

ኬኔ ጣቶቿን ተመለከተች። እሷን ጠዋት የከነከናት ይኸው ነበር። ሊሊሴ ይህን ብትነግራት ኖሮ ግማሽ ቀን ባልባከነ።

ጂሩን ከፖሊስ ጣቢያው በር ላይ አገኘችው። በየከተማው እየዞረ ላፕቶፑን የሚያስተዋውቀው እሱ ነው። ንጹህ ለባሽ፣ አንደበተ ርቱዕ ሰው ነው።

«አካም ጂርታ አዴ ኬኔ» ሲል በኦሮምኛ ሰላም አላት እጁን ደረቱ ላይ አድርጎ። «ቢላ ከተማ ነበርኩ። መርዶውን ዛሬ ጠዋት መንገድ ላይ ሰማሁ፤ ወደ ወርክሾፑ ስሄድ ፖሊሶቹ አናስገባም አሉኝ።»

«ምን ደረሰበት ትላለህ?»

«ምን ይጠየቃል? አሉሚኒየም ነው። ኤሌክትሪኩን ወደ መሬት የሚያወርድ ግራውንድ የሌለው ሶኬት ላይ ሲሰካ እኔንም ነዝሮኝ ያውቃል። በዚያ ላይ ገመዱ ተልጦ፣ እንዴት ይተርፋል?»

ኬኔ አመሰገነችው።

ሐኪሙ በማግስቱ ደወለ። ሮቤራ ሰውነት ላይ ኤሌክትሪክ የነካው ምልክት አልተገኘም፤ የሞተው ጭንቅላቱ ውስጥ በፈሰሰው ደም ነው። ሐኪሙ ሌላም ነገር ጨመረ፤ ኬኔ ያንን ስትሰማ ስልኩን ጠረጴዛው ላይ አስቀምጣ ፊቷን በሁለት እጇ ያዘች።

ሦስቱንም ወደ ወርክሾፑ ጠራቻቸው። ላፕቶፑን ከማስረጃ ከረጢቱ አውጥታ ጠረጴዛው ላይ አኖረችው።

«ጂሩ፣ ካለህበት ሆነህ ንገረኝ። ይሄ ከምን የተሠራ ነው?»

«ከአሉሚኒየም። ራሴ ይዤው ስዞር ነው የከረምኩት።»

«ቅረብና ንካው።»

ጂሩ መዳፉን ክዳኑ ላይ አሳረፈ። እጁን ሊያነሳ ፈልጎ አላነሳውም።

«ሊሊሴ፣ አሁን ተናገሪ» አለች ኬኔ።

«ፕላስቲክ ነው» አለች ሊሊሴ። «ብረቱን ቀፎ ያወለቅነው ከትናንት ወዲያ ጠዋት ነው። ሮቤራ በብርማ ቀለም ቀቢው አለኝ። በማግስቱ ስብሰባ ላይ መሀላችን አስቀምጦ፣ ማንም ከብረቱ ለይቶ እንደማያውቀው ሊያሳይ ነበር። ምስጢር ነው፣ አደራ ስላለኝ ነው የደበቅሁሽ።»

«እንግዲህ ስሙኝ» አለች ኬኔ። «ፕላስቲክ ኤሌክትሪክ አያስተላልፍም። ሽቦው ይህን ጠርዝ ስለነካ ሰው አይሞትም፤ ሮቤራም በኤሌክትሪክ እንዳልሞተ ሐኪሙ አረጋግጧል። ስለዚህ ገመዱን ልጦ እዚህ ያስደገፈው ሰው ላፕቶፑ የገደለው ሊያስመስል ነው፤ ይህን ያሰበውም ብረት ስለመሰለው ነው። ሊሊሴ ቀፎውን በእጇ ሠርታዋለች። ጋሽ ሀብተጊዮርጊስ ዳብሰው አውቀዋል። ከሦስታችሁ ያላወቀው አንድ ሰው ነው።»

«እኔ ቢላ ነበርኩ አልኩሽ» አለ ጂሩ።

«ገመዱ መላጡን ማን ነገረህ? ማታ ደህና ነበር። ጠዋት ከሊሊሴና ከፖሊስ በቀር የገባ የለም፤ እሷም አልተናገረችም። ከተማው ኤሌክትሪክ ገደለው አለ እንጂ ስለ ገመድ ያወራ አልነበረም።»

ጂሩ ቀና ብሎ ሀብተጊዮርጊስን አያቸው። አዛውንቱ ፊታቸውን አዞሩ። ጂሩ ወንበር ስቦ ተቀመጠ።

«ከትናንት ወዲያ አመሻሽ ከቢላ ገብቼ ነበር» አለ። «በቢላም በጊዳ አያናም ቃሌን ሰጥቻለሁ። ርእሰ መምህራኑ ብረቱን እየዳበሱ ነው ያመኑኝ። ብረቱን እንዳይቀይር ልለምነው መጣሁ። ‹ነገ ብረቱን ራስህ ትረሳዋለህ› ብሎ ሳቀ። ያሾፈብኝ መሰለኝና ገፋሁት። የጠረጴዛው ጥግ መታው። ሞቶ ነበር አዴ ኬኔ። ምን ላድርግ?»

ኬኔ ይህን ጥያቄ ፈርታው ነበር።

«አልሞተም ነበር» አለችው። «አንተ ገመድ ስትልጥ ይተነፍስ ነበር። ብዙ ቆይቷል። በባጃጅ ሆስፒታል ብታደርሰው ይተርፍ ነበር ብሏል ሐኪሙ።»

ሊሊሴ ወደ ጂሩ ዞረች፤ ድምጿ ቁጣ እንጂ ለቅሶ አልነበረበትም።

«ለምን ፕላስቲክ እንዳለ አንድ ቀን እንኳ ጠይቀኸዋል? ትምህርት ቤቶቹ ግራውንድ የላቸውም። ልጆቹን እንዳይነዝራቸው ነው እኮ።»

ጂሩን ፖሊሶቹ ይዘውት ወጡ። ኬኔ ላፕቶፑን ወደ ከረጢቱ መለሰች። ጉዳዩ ተፈታ፤ እሷ ግን የጨበጠችው ነገር ያለ አልመሰላትም።

«መቼ ይመለስልናል?» አለች ሊሊሴ። «ሌላ ናሙና የለንም።»

«ፍርድ ቤት እስኪጨርስ እኛው ዘንድ ይቆያል። ዓመትም ሊፈጅ ይችላል።»

ሀብተጊዮርጊስ ከዘራቸውን ተደግፈው ተነሱ።

«ሌላ ሥሪ» አሏት ሊሊሴን። «በፕላስቲክ። ብርማ ቀለሙን ግን ተይው።»