የፍየሏ ድምፅ

ካሊና ድምፁን ያወቀችው ከሳቀች በኋላ ነው።

የሲኒማው ሸራ ላይ አንዲት ነጭ የካርቱን ፍየል ጭንቅላቷን ማሰሮ ውስጥ ቀርቅራ ትወራጫለች። የአንድ ጥንታዊ መንደር ሕዝብ ልጁን አዝሎ፣ ከብቱን እየነዳ፣ ቀየውን ጥሎ ይሸሻል። ከኋላው እሳት፣ ከፊቱ ጎርፍ ነው። ፍየሏ ግን ማሰሮዋን እንደደፋች፣ «ሂዱ ልጆቸ! እኔ ምድጃውን እጠብቃለሁ! ምድጃ ብቻውን አይተውም!» ብላ ጮኸች። አዳራሹ በሳቅ ተናጋ። ጓደኛዋ ኢስክራ ከጎኗ ጉልበቷን ትደበድባለች። ካሊናም ሆዷን ይዛ ሳቀች፤ የያዘችው ፈንዲሻ ግማሹ መሬት ላይ ተበተነ።

ፍየሏ እንደገና አፏን ከፈተች። «ኧረ እኔን አትዩኝ፣ መንገዱን እዩ» አለች። ካሊና ሳቋን አቆመች። ይህን ድምፅ በየማለዳው «ተነሽ እንጅ አንች» ሲል ትሰማዋለች። የአያቷ የትራይኮ ድምፅ ነው።

«ከኮረብታው ሥር» የተባለው ይህ የካርቱን ፊልም የግሊኒሽቴ ሰው በጉጉት ሲጠብቀው የቆየ ነው። ከትንሿ ከተማ በላይ ባለው ኮረብታ ላይ ከሰባት ሺህ ዓመት በፊት ኖረው ደብዛቸው ስለጠፋ ሰዎች የሚተርክ፣ ለልጅ ለአዋቂው የሚሆን የጀብዱ ፊልም ነው። ባለፈው ዓመት ፊልም ሠሪዎቹ ከቤልግሬድ ድረስ የድምፅ መቅጃቸውን ይዘው መጥተው ነበር። በወጣትነታቸው አራት በጋ ሙሉ ኮረብታው ላይ ለተደረገው የቅርስ ቁፋሮ አፈር የተሸከሙ ሽማግሌ አሉ ሲባሉ ቤት ድረስ መጡ፤ ትራይኮንም ሦስት ሰዓት ሙሉ ሲያስነብቧቸው ዋሉ። የተሰጣቸው ቃል የመንደሩ ሽማግሌ ቃል ነበር፤ ሁሉም ሲሸሽ ብቻውን የሚቀረው ሰውዬ ስንብት። ሲያነቡት አለቀሱ። ዳይሬክተሩ ጆሮው ላይ የደፋውን ማዳመጫ አውልቆ፣ «አያት፣ ድምፅዎ ወርቅ ነው!» ብሎ እጃቸውን ጨበጠ። ከዚያም አንድ ወረቀት አስፈረማቸው፤ መነጽራቸውን ስላላገኙት ሳያነቡት ፈረሙ።

አሁን ሽማግሌው ሸራው ላይ ቀርቦ ነበር። ነጭ ጢሙ እስከ ደረቱ ይወርዳል። የሚናገረው ግን በአንድ የቤልግሬድ ተዋናይ ድምፅ ነው፤ የለሰለሰ፣ የተቀባ፣ አንድም እንከን የሌለው። አዳራሹ ጸጥ ብሎ አዳመጠው። አንዳንድ እናቶችም አፍንጫቸውን ጠረጉ።

ነገሩን ለማያውቅ ሰው፣ የግሊኒሽቴ ሰው ሲናገር የቃሉን ጭራ ይቆርጣል፣ መሀሉን ይጎትታል። የቤልግሬድ ሰው ይህን አነጋገር የሚያውቀው ከቀልድ ነው። በቴሌቪዥን ሞኙም፣ ሰካራሙም፣ ዶሮ የሚሰርቀውም እንዲህ ነው የሚያወራው። ካሊና ይህን ገና በዘጠኝ ዓመቷ ነቅታበታለች። ስለዚህ በትምህርት ቤቱ የንባብ ክበብ ውስጥ ዓመታት ሙሉ ምላሷን ስታቃና ኖራለች፤ አሁን በአሥራ አራት ዓመቷ ቤት ውስጥ እንኳ የምታወራው እንደ ዜና አንባቢ ነው። አያቷ አንዳንዴ ማንኪያቸውን አስቀምጠው፣ «ዜናው አለቀ ወይስ የአየር ጠባዩ ቀርቷል?» ይሏታል።

ያን ሐሙስ እሳቸው አዳራሹ ውስጥ አልነበሩም። የክብር መግቢያቸውን ለኢስክራ ሰጥተው፣ «ወጣት ይቅደም፤ እኔ እሑድ ከእኩዮቸ ጋር አየዋለሁ» ብለው ቀርተዋል። አብረዋቸው አፈር ከተሸከሙት ሰዎች በሕይወት ያሉትን አራቱን ጠርተዋል። አንደኛው እንዲያውም ምርኩዙን ቀለም ቀብቷል አሉ።

ዓርብ ጠዋት የትምህርት ቤቱ በር ላይ ኢስክራ ተንደርድራ መጥታ አቀፈቻት።

«ካል! አባባሽ ናቸው አይደል? እኔ'ኮ ወዲያው ነው የነቃሁት። በሳቅ ፈረስኩ! ምነው ሳትነግሪኝ?»

«ምኑን?»

«ፍየሏ እሳቸው መሆናቸውን ነዋ! አቦ ይመቻቸው! ያለሳቸው ፊልሙ ይደብር ነበር፤ ስወድሽ።»

ኢስክራ ክፋት የላትም፤ ከልቧ ነው የምታደንቀው። ካሊና ግን ብትሰድባቸው ይሻላት ነበር፤ ቢያንስ መልስ ታገኝላታለች። እስከ ዕረፍት ሰዓት ስምንተኛ ክፍል በሙሉ እንደ በረት ሆነ። አንዱ የቆሻሻ ቅርጫት ጭንቅላቱ ላይ ደፍቶ፣ «ምድጃ ብቻውን አይተውም! ሜኤኤኤ!» እያለ በወንበሮቹ መሀል ዞረ።

«የፍየሏ የልጅ ልጅ፣ አንድ ጊዜ በይልን እንጂ!» አላት።

«ሙድ አትያዝ» አለችው፤ ለስለስ አድርጋ፣ በተቃናው አነጋገሯ።

ከትምህርት በኋላ የባህል አዳራሹ ኃላፊ ወይዘሮ ዛጎርካ አስጠሯት። ጠረጴዛቸው ላይ የተመልካች አስተያየት መዝገብ ተከፍቶ ተቀምጧል። እሑድ እንግዶች ከቤልግሬድ ስለሚመጡ፣ ከፊልሙ በፊት ሦስት አስተያየቶች መርጣ መድረክ ላይ እንድታነብ ፈለጉ።

«ከአንቺ በላይ ንባብ የሚያምርለት የለም» አሏት። «ከዚያ አያትሽን መድረክ ላይ እናወጣቸዋለን! እቅፍ አበባ አዝዣለሁ፤ መሀሉ ላይ ጎመን ጣል እናደርግበታለን፤ ለፍየል ነዋ! ዳይሬክተሩም በሐሳቡ ሳቀ። ያውቃሉ አይደል? ፍየሏ መሆናቸውን?»

ካሊና፣ አያውቁም፣ ብትል ምን እንደሚከተል ታወቃት። ወይዘሮ ዛጎርካ ደረታቸውን ይዘው «ውይ፣ የኔ ምስኪን!» ይላሉ፤ እስከ ማታ ከተማው ሁሉ ለአያቷ ከንፈሩን ይመጥላቸዋል።

«ያውቃሉ» አለች። ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው።

መዝገቡን ይዛ አንድ ጥግ ተቀመጠች። የጡረተኛው የታሪክ መምህር ጽሑፍ አንድ ገጽ ይዟል፦ «የዚያ ዘመን ሰው ብረት አያውቅም፤ ታዲያ ልጁ የያዘው ቢላዋ ከየት መጣ? በተረፈ ቀለሙ ጥሩ ነው።» አንዲት እናት፦ «ልጄ ሽንቱን ይዞ እስከ መጨረሻው አየ። ከዚህ በላይ ምስጋና የለም።» አንድ ሰው፦ «ቲኬቱ ተወደደ፣ ወንበሩ ይቆረቁራል፣ ፊልሙ ግሩም ነው።» ከዚያ በኋላ ያለው ሁሉ ፍየል ነው። «ፍየሏ! ፍየሏ! ፍየሏ!» «በመጨረሻ አንድ እንደኛ የሚያወራ ፊልም ላይ አየን፤ እሱም ቀንድ አለው፣ ሃሃ!» ይህን የጻፉት ፖስታ የሚያድሉት ሴትዮ ናቸው፤ እሳቸውም የግሊኒሽቴ ልጅ ናቸው። «ባለጌዋ ፍየል ለብቻዋ ፊልም ይሠራላት።»

ከታች በትልልቅ፣ በተንጋደዱ ፊደላት፣ «ፍየሏ እያዘነች ነበር። ሰው ለምን ሳቀ? ሚላ፣ 7 ዓመት» የሚል አለ። ካሊና ይህን አንብባ ቶሎ ገጹን ገለጠች። የፍየሏን ቀልድ የሚያደንቁ ሦስት አስተያየቶች መርጣ ምልክት አደረገችባቸው። ወይዘሮ ዛጎርካ የሚፈልጉትን ታውቃለች።

ቅዳሜ ከሰዓት በኋላ ከአያቷ ጋር ግቢ ውስጥ ተቀምጠው ቀይ ቃሪያ ይልጣሉ። አይቫር የሚሉት የክረምት የቃሪያ ድልህ የሚሠራበት ሳምንት ነው። ሁለት ጆንያ ቃሪያ ምድጃ ላይ ተጠብሶ፣ ታፍኖ፣ አሁን ልጣጩ እየተገፈፈ ነው፤ ቀጥሎ ተፈጭቶ በማሰሮ ይበስላል፣ በጠርሙስ ይታሸጋል። እናቷ ባዶ ጠርሙስ ፍለጋ ጎረቤት ሄዳለች። መስኮቱ ላይ የአያቷ ጥቁር ሙሉ ልብስ ተሰቅሎ አየር ይመታዋል፤ የሰርጋቸው ልብስ አይደለም፣ የቀብር ነው፣ ግን ከሱ የተሻለ የላቸውም።

«እኽ» አሉ ትራይኮ። «ሦስት ቀን ሙሉ ‹ታሪኩን አላበላሽብዎትም› ትይኛለሽ። ታሪኩን ተይው። ሽማግሌው እንደት ሆነ?»

«ነገ ያዩታል።»

«እሱንማ አየዋለሁ። ሰዉ ምን አለ ነው የምልሽ።» ልጣጩን ከጣታቸው ላይ አራገፉት። «ያን ቃል ሳነብ ምን እያሰብሁ እንደነበር ታውቂያለሽ? በሦስተኛው በጋ ምድጃቸውን ያገኘሁት እኔ ነኝ። ሰባት ሽህ ዓመት ሙሉ አመዱ አመድ ነው! ጣቴን ብሰደው ጠቆረ። የቁፋሮው ሊቅ ‹አትንካ!› ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ግን ‹የኒህ ሰዎች ሚስት ጧት ተነስታ እሳት አያይዛለች› አልሁ በሆዴ። ጎረቤት ማለት ናቸው። ያን እያሰብሁ ነው የተናገርሁት። ነገ ለነዚያ አራቱ ‹ስሙ› እላቸዋለሁ፣ ‹ያ እኛ ያየነው ምድጃ ነው› እላቸዋለሁ።»

ካሊና እጇ ላይ ያለውን ቃሪያ ሁለት ጊዜ ላጠችው፤ ሁለተኛ ጊዜ የሚላጥ ነገር አልነበረውም። ዝም ብትል ነገ አንድ ሰዓት ላይ እሳቸው በቀብር ልብሳቸው ከእኩዮቻቸው ጋር ፊት ወንበር ላይ ይቀመጣሉ። ከዚያ ሦስት መቶ ሰው ይስቅባቸዋል፣ ጎመን ያለበት አበባም ይሰጣቸዋል። ብትናገር ደግሞ የምትገድላቸው እሷ ናት። ሆድ ይፍጀው ልትል ፈለገች። ሆዷ ግን እምቢ አለ።

«አባባ» አለች። «ሽማግሌውን ሌላ ሰው ነው የሚናገረው።»

ቢላዋቸው ቆመ።

«የኔስ?»

«ለፍየል ሰጡት።»

«ለፍየል» አሉ። ቀስ ብለው አንድ ፍሬ ከሣህኑ ላይ አንስተው መልሰው አስቀመጡት። «ምን ትሠራለች ፍየልዋ?»

«ጭንቅላቷ ማሰሮ ውስጥ ይቀረቀርባታል።»

«የምድጃውንም ቃል ትላለች?»

«ትላለች። ማሰሮው ውስጥ ሆና።»

«ሰዉ ሳቀ?»

«ሳቀ።»

ትራይኮ ወደ እሷ ዞሩ። ዓይናቸው ከጭሱ ይሁን ከሌላ ነገር ቀልቷል። «አንችስ?»

እዚህ ላይ አልሳቅኩም ማለት ይቻል ነበር። ማንም አያጋልጣትም፤ ኢስክራም ብትሆን እንዲህ ያለውን ነገር ለመንገር አትመጣም። ደግሞ ውሸቱ ለእሳቸው መድኃኒት ነበር፣ ቢያንስ አንድ ሰው እንዳልሳቀ አውቀው ያድሩ ነበር።

«እኔም ሳቅኩ» አለች። «እርስዎ መሆንዎን አላወቅኩም ነበር። ግን ያሳቀኝ ማሰሮው አልነበረም። ስታወራ ነው የሳቅኩት። እንደኛ ስላወራች።»

ትራይኮ ተነሥተው ከቧንቧው ሥር እጃቸውን ታጠቡ፤ ከጥፍራቸው ሥር ያለውን ጥቁር አንድ በአንድ አጸዱ። ልብሳቸውን ከመስኮቱ አወረዱና ክንዳቸው ላይ አጥፈው ያዙት።

«አመሰግናለሁ፣ ካሊና» አሉ። «አንቺ በጊዜው ስላሳወቅሽኝ ደስ ብሎኛል።»

ከሐኪምና ከማዘጋጃ ቤት ጸሐፊ ጋር ሲነጋገሩ የሚጠቀሙበት አነጋገር ነው፤ ጭራው ያልተቆረጠ፣ መሀሉ ያልተጎተተ፣ እንደ ካሊና ያለ ንጹሕ አነጋገር። ከተወለደች ጀምሮ በዚህ አፍ አናግረዋት አያውቁም። ወደ ቤት ገብተው በሩን ቀስ ብለው ዘጉ፤ ቢያላጉት ይሻላት ነበር። ብቻዋን ቀረች፣ ጣቶቿ በቃሪያው ቀልተው፣ ማልቀስ እያማራት ዓይኗን መንካት እንኳ ሳትችል።

ጥቂት ቆይታ እጇን በሽርጧ ጠረገችና ስልኳን አወጣች። ደወለች። እየጠራ ሳለ በየትኛው አፍ እንደምትናገር አሰበች፤ የግሊኒሽቴውን ከተወችው ቆይታለች፣ ይጠፋብኛል ብላ ፈርታ ነበር። አልጠፋባትም።

«ወይዘሮ ዛጎርካ፣ እኔ ነኝ፣ ካሊና። አያቴ ፍየልዋ መሆናቸውን አያውቁም ነበር። ያውቃሉ ያልሁዎት ዋሽቸ ነው።»

በወዲያኛው በኩል የሳቅ ፍንዳታ ተሰማ።

«አንቺ ልጅ! ፍየሏን ልቅም አድርገሽ ነው የያዝሻት እኮ! ነገ መድረኩ ላይ ልክ እንዲህ አድርገሽ ታነቢልናለሽ፣ እሺ? ውይ፣ ሆዴን!»

ካሊና ሳቁ እስኪያልቅ ጠበቀች። ረጅም ሳቅ ነበር። ምላሷን ለማቃናት አንድ ሰከንድ ይበቃት ነበር።

«የምቀልድ አደለሁም» አለች፣ በዚያው አፍ። «ዋሽቸዎት ነው። እሳቸውም አይመጡ፣ እኔም አላነብ።»