ጀልባዋ የምትመጣው ሐሙስ ነው

ባሕር አይቼ አላውቅም ነበር። እንጀራዬ ግን በጉዞ ወኪል ቢሮ ተቀምጬ ወደ አንዲት ትንሽ ደሴት ለሚሄዱ ሰዎች የምክር ወረቀት መጻፍ ነው። «ነጭ ጫማ ይያዙ፤ ሻንጣዎን በደንብ ይቆልፉ» እያልኩ፣ እንደ መጣልኝ።

አንድ ቀን የቢሮውን መብራት ሊጠግን የመጣ ኤሌክትሪሺያን ወረቀቴን አንስቶ አነበበና ሳቀ። ከዚያ መሰላሉ ላይ ወጥቶ ሥራውን እየሠራ ያርመኝ ጀመር። ነጭ ጫማ ምን ያደርጋል፣ የባሕሩ ድንጋይ እግር ይቆርጣልና የጎማ ጫማ ይሁን። ጀልባ ላይ በግራ በኩል ይቀመጡ፣ በቀኝ ውሃው ይረጫል። ፀጉር ሳይሳፈሩ በፊት ይጎንጎን፣ ጨው ከነካው ሁለት ቀን ማበጠሪያ አያስገባም። እዚያ የመብራት መስመር ሲዘረጋ መሥራቱን ነገረኝ።

መብራቱ በአንድ ሰዓት ተጠገነ። እሱ ግን አምስት ቀን ተመላለሰ። ቀና ባልኩ ቁጥር ዓይኑ እኔ ላይ ነበር፤ ምን ላድርግ፣ ወደድኩት።

ታላቅ ወንድሜ ግን አልጣመውም። የራሱ ፀጉር አንድ ጣት የማይሞላ ሰውዬ ስለ ሴት ፀጉር ይህን ሁሉ ማን አስተማረው ብሎ ጠየቀኝ።

«ጉድና ጅራት ከወደ ኋላ ነው፣ እህቴ» አለኝ።

ቀንተህ ነው ብዬ ሳቅሁበት። በስድስተኛው ወር ተጋባን። ለጫጉላ ደሴቲቱን የመረጥኩት እኔው ነኝ። እሱ ዝም ሲል ደስ ብሎት ነው አልኩ።

ሰኞ ጠዋት ደረስን። የመከረኝ ሁሉ ልክ ነበር። ጀልባ ነጂው እንደ ድሮ ወዳጅ ትከሻውን መታ መታ አደረገው። በደሴቲቱ ያለው የእንግዳ ማረፊያ አንድ ብቻ ነው፤ ባለቤቷ፣ ሽበታም ሴትዮ፣ ቁልፉን ስትሰጠን እኔን አየት አድርጋ ወደ እሱ ዞረች።

«ያቺኛዋስ ደህና ናት?» አለችው።

ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው። ደሴት ሙሉ ሰው የሚያውቀውን የማላውቀው እኔ ብቻ ነበርኩ።

ክፍላችን ገብተን በሩን ዘጋሁ። አልካደም። መስመር መዘርጋቱ እውነት ነው፤ ግን ያኔ እዚህ የኖረው ከሚወዳት ሴት ጋር ነበር። ፀጉሯንም ይጎነጉንላት የነበረው እሱ ነው። ከዚህ እንደተመለሱ ጥላው ሄደች።

«ታዲያ እዚህ እንሂድ ስልህ ለምን እሺ አልክ?»

አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጦ የጫማውን ማሰሪያ ሲፈታ ቆየ።

«ከአንቺ ጋር ስመጣ የምረሳት መስሎኝ ነበር።»

«እና?»

«አልረሳኋትም።»

«እኔስ?»

«አንቺ ጥሩ ሰው ነሽ» አለኝ። ቢሰድበኝ ይሻለኝ ነበር።

ወጥቼ ባሕሩ ዳር እስከ ዘጠኝ ሰዓት አለቀስኩ። ሴትዮዋን ሌላ ክፍል እንድትሰጠኝ ለመንኳት፤ ሁሉም ተይዟል አለችኝ። ጀልባዋስ? ሐሙስ ነው የምትመጣው።

ስመለስ ትከሻዬን ፀሐይ አቃጥሎት እንደ ፍም ቀልቷል። ባሌ ቅባት አምጥቶ ከኋላዬ ተቀመጠና በቀስታ ይቀባኝ ጀመር።

«ሦስት ቀን ያቃጥልሻል» አለኝ። «እሷንም ሦስት ቀን ነው ያቃጠላት።»

እጁን መግፋት ነበረብኝ። እወደው ነበርና ሌላኛውንም ትከሻዬን ሰጠሁት።