ድብቁ ቁጥር

ፕሮፌሰሩ ሞተው የተገኙት በምርምር ማዕከሉ የኮምፒውተር ሰርቨር ክፍል በር ሥር፣ እጃቸው ወደ እጀታው እንደተዘረጋ ነው። እሳት የሚባል ነገር አልነበረም። ክፍሉን አየር የሚያሳጣው የእሳት ማጥፊያ ጋዝ ግን ተለቅቆ፣ በሩም ከውጭ ተቆልፎ ነበር።

ኢንስፔክተሯን ባልደረቦቿ «መርፌ» ይሏታል፤ የማትገባበት ቀዳዳ የለም ለማለት ነው። አይ መርፌ! ትናንት ግን ዶለዶመች። የክፍሉን ቁልፍ የሚይዙት ቴክኒሻኑ መሆናቸውን፣ ከሟቹም ጋር በማሽኖቹ ማቀዝቀዣ ጉዳይ መጨቃጨቃቸውን ሰማች፤ በቃ። በዕድሜ አባቷ የሚሆኑትን ሰውዬ ሕንጻው ሁሉ ወጥቶ እያየ፣ «ና፣ ቅደም!» ብላ በካቴና ወሰደቻቸው። ዛሬ ጠዋት ስትመለስ የዚያኑ ክፍል መለዋወጫ ቁልፍ የፕሮፌሰሩ ምክትልና የቡድኑ ፕሮግራመር በሚጋሩት ቢሮ ግድግዳ ላይ ተንጠልጥሎ አገኘችው። ማንም አንሥቶ ሊመልሰው ይችል ነበር። ፊቷ በእፍረት ጋለ። ሰውዬው ነገ ፍርድ ቤት ይቀርባሉ፤ ያስከሰሳቸው ደግሞ የእሷ ችኮላ ነው።

መጀመሪያ ምክትሉን ጠየቀችው። የፕሮፌሰሩ የቀድሞ ተማሪ ነው፤ እንደ ልጃቸው ያሳደጉት።

«የዚያን ዕለት እንዴት ነበሩ?»

«ምን ልበልሽ፣ ኢንስፔክተር፤ ልባቸው ተሰብሮ ነበር። ቆሟል ያልነው ኃይል በትልቁ ሳጥን እንደማይቆም ሲያዩ...» ጉሮሮውን ጠረገ። «በዚያ ላይ ቴክኒሻኑ ነገር ፈለጋቸው።»

የምን ሳጥን? የምን ኃይል? አንድም አልገባትም። ወደ ፕሮግራመሯ ሄደች።

«እንደ ሕፃን አድርገሽ አስረጂኝ።»

«የአቶምን እምብርት አጣብቆ የሚይዘውን ዓይነት ኃይል ነው የምናጠናው። ቦታንና ጊዜን እንደ መረብ ከፋፍለን ኮምፒውተር ውስጥ ባለ ሳጥን እናስገባዋለን። ኳርክ የሚባሉት ቅንጣቶች ዓይነታቸው ሲበዛ፣ ኃይሉ ከርቀት ጋር መለዋወጡን ሊያቆም ይቃረባል። ጨርሶ ይቆማል ወይስ እያዘገመም ቢሆን ይሄዳል? ጭቅጭቁ ሁሉ እዚህ ላይ ነው።»

«ሳጥኑስ ምን አገባው?»

«ሳጥኑ ከጠበበ የማይቆመውም የቆመ ይመስላል። ምክትላችን ስሙ የተጠራው በትንሹ ሳጥን ‹ቆሟል› ብሎ ነው። አሁን በትልቁ ደገምነው።»

«ታዲያ ቆመ?»

«እኔ በምን አውቄ!» አለች ፕሮግራመሯ። «ሰው የተመኘውን ያያል። እንዳናዳላ፣ ማሽኑ በየውጤቱ ላይ የተለያየ ድብቅ ቁጥር ይደምርበታል። ያ እስኪነሣ ድረስ ይቁም ይሂድ የሚያውቅ የለም። የሚያነሡት ጋሼ ፕሮፌሰር ብቻ ናቸው፤ እሱም እዚያው ሰርቨር ክፍል ገብተው። ምሳ ላይ ‹ዛሬ ከሥራ በኋላ እከፍተዋለሁ› እያሉ ደስታቸው ልክ አልነበረውም። ከዚያ ሞቱ፤ እናንተም ክፍሉን አሸጋችሁት።»

መርፌ ካቀረቀረችበት ቀና አለች።

ከሰዓት በኋላ ሁሉንም በስብሰባ ክፍሉ ሰበሰበቻቸው። ቴክኒሻኑም ካቴናቸው ሳይፈታ ቀረቡ።

«ባለሙያችን ማሽኑን አይቶታል» አለች። «ፕሮፌሰሩ ድብቁን ቁጥር አንሥተው ውጤቱን አይተዋል። በጥቂት ደቂቃ ውስጥ ጋዙ ተለቀቀ። ስልካቸው ቢሯቸው ስለነበር ለማንም አልደወሉም። ክፍሉን ደግሞ ራሴ አሽጌዋለሁ። እንግዲህ ውጤቱን ሊያውቅ የሚችለው ሲከፈት አብሯቸው የነበረ ሰው ብቻ ነው።» ወደ ምክትሉ ዞረች። «አንተ ግን በትልቁ ሳጥን እንደማይቆም ነገርከኝ።»

«ገምቼ ነው...»

«ቆሟል ስትል የኖርክ ሰው ተቃራኒውን ትገምታለህ?»

ምክትሉ ሁለት እጁን ፊቱ ላይ ጫነ።

«ቢቆጡኝ ይሻል ነበር። ‹አይዞህ ልጄ፣ ነገ አብረን እንናገራለን፤ አንድ ገጽ ማረሚያ ይበቃል› አሉኝ። አዳራሽ ሙሉ ሰው ፊት ቆሜ ተሳስቻለሁ ስል ታየኝ። አፈርኩ። ወጥቼ በመለዋወጫው ቁልፍ ቆለፍኩና ከበሩ ውጭ ያለውን የጋዙን ማስለቀቂያ ተጫንኩ። በሩን ሲደበድቡ... ማን እንደቆለፈባቸው እንኳ አልገባቸውም። ‹ድረስልኝ› እያሉ ስሜን ይጠሩ ነበር።»

ፕሮግራመሯ አለቀሰች። ፖሊሶቹ ምክትሉን ይዘውት ወጡ።

መርፌ የቴክኒሻኑን ካቴና ፈታች።

«ይቅር ይበሉኝ፣ አባቴ። ጥፋት የለብዎትም።»

«እሱንማ እኔም አውቀው ነበር» አሉ አንጓቸውን እያሻሹ። «ያሰርሽኝ ሕንጻው ሁሉ እያየ ነው፣ ልጄ። የፈታሽኝ ግን በር ዘግተሽ።»

መርፌ ካቴናውን ኪሷ ከተተች። በሩን ከፈተችና ሰውዬውን አስቀድማ ወደ ኮሪደሩ ወጣች። የመጀመሪያውን ቢሮ አንኳኳች።

«አንዴ ሥራችሁን አቁሙልኝ» አለች። «ትናንት እኚህን ሰው ያለ ጥፋታቸው ያሰርኳቸው እኔ ነኝ። ተሳስቻለሁ።»

ከዚያ ወደሚቀጥለው ቢሮ ሄዱ።