የተወተፈው መፈክር

አቶ ወልደየስ ሞተው የተገኙት ሄግ ከተማ በሙሉ ስለ ሞት ሲጮህ በዋለበት ቅዳሜ ነው። የአሜሪካ ክሩዝ ሚሳይል ወደ ሆላንድ እንዳይገባ የወጣው ሰልፈኛ ገና መንገዱን አልለቀቀም። ልጃቸው ብርነሽ ከሥራ ተመልሳ የመታጠቢያ ቤቱን በር ብታንኳኳ መልስ አጣች። ጎረቤት በትከሻው ሲገነጥለው አዛውንቱ ገንዳው ውስጥ ናቸው። ፊታቸው ቀልቷል፤ የጋዙ ውኃ ማሞቂያ እስካሁን ይነዳል።

ሐኪሙ የማሞቂያው ጢስ ገደላቸው አለ። ግድግዳው ላይ ያለው የአየር ቀዳዳ በጨርቅ ተወትፏል። ፖሊሱ ጨርቁን ሲስበው አላልቅ አለው፤ ጽሑፉ ወደ ውስጥ ሆኖ በልኩ የታጠፈውን ዘርግቶ ቢያየው የሰልፍ መፈክር ነው፦ «ሚሳይል አንፈልግም»፣ በሆላንዶቹ ቋንቋ በደችም፣ በአማርኛም።

ኢንስፔክተር ፋን ዳለን አስተርጓሚ ሲያስፈልገው የሚጠራው ማንደፍሮን ነው። ማንደፍሮ አዲስ አበባ ሳለ የነፍስ ግድያ መርማሪ ነበር። እዚህ የሚፈቀድለት ሌላው የተናገረውን መድገም ብቻ ነው።

«ፖለቲካ ነው» አለ ኢንስፔክተሩ። «ሽማግሌው ሚሳይሉ ይግባ ባይ ነበሩ። ገዳዩ መልስ ሰጣቸው።»

«ሰው የሚገድል ጨርቅ አያጥፍም» አለ ማንደፍሮ በአማርኛ።

«ምን አልክ?»

«ጸሎት ነው።»

መፈክሩ የግርማ ነው። ግርማ ዴልፍት ዩኒቨርሲቲ ይማራል፤ በአቶ ወልደየስ ቤት ጣሪያ ሥር ያለችውን ክፍል ተከራይቷል። የጥገኝነት ማመልከቻው ገና አልተወሰነም። ከተከሰሰ አይሮፕላን ላይ ይጭኑታል፤ አይሮፕላኑ የሚያርፈው ደግሞ ወንድሙን የበላው መንግሥት ደጃፍ ነው።

«ከጋሼ ወልደየስ ጋር ተጣላችሁ አሉ» አለው ማንደፍሮ።

«ተከራከርን እንጂ! ‹ሶቪየት ሚሳይሏን ደርድራለች፤ እኛም ካልደረደርን ጄኔቭ ላይ የሚሳይል ቅነሳ ውል ማን ይፈርምልናል?› አሉኝ። ‹ለመቀነስ ብሎ መጨመር የት አገር ነው?› አልኳቸው። ደግሞ ‹እኛ› የሚሉት እኮ ሆላንድን ነው። ዜግነት እንኳ አልሰጧቸውም!»

«መፈክሩስ?»

«ጠዋት ብፈልገው የለም። ጋሼ የደበቁት መስሎኝ በሩ ላይ ቆሜ ሰደብኳቸው።» አንገቱን ደፋ። «ከዚያ ባዶ እጄን ሄድኩ። እዚህ አገር አባቴ እሳቸው ነበሩ።»

አበጋዝ፣ ሳሎኑ ውስጥ ሶፋ ላይ የሚያድረው የአዛውንቱ ወዳጅ፣ ድሮ የአየር ኃይል መካኒክ ነበር። በር ያህላል።

«እኔ ያንን ጨርቅ ባገኘው አቃጥለው ነበር እንጂ ቀዳዳ ምን ያስፈልገኛል?» አለ። «ይልቅ ጋሼን ሳል ይዟቸው ሰንብቷል። ገላዎን ሲታጠቡ ነፋስ ይመታዎታል ብንላቸው መች ይሰማሉ! ‹ነፋስና ሶቪየት ከፈሩት ይብሳል› ይሉናል።»

ብርነሽ የምትሠራው አዛውንቶች መጦሪያ ነው። ዓይኗ አብጧል።

«ሥራው እንዴት ነው?» አላት ማንደፍሮ፤ ለማጽናናት ያህል።

«ምን ይላሉ ጋሼ ማንደፍሮ፣ ፈረንጆቹ መስኮት መክፈት ብቻ ነው የሚያውቁት! በዚህ ብርድ! ሰውዬው እየሳለ ‹ንጹሕ አየር› ይላሉ። እነሱ ይከፍታሉ፤ ዞር ሲሉልኝ እኔ እዘጋለሁ።»

ማንደፍሮ ይህን ለኢንስፔክተሩ አልተረጎመም። ተነሥቶ የአቶ ወልደየስን አልጋ አየ። አንሶላው ጥግ ጥጉ ላይ እንደ ፖስታ ታጥፎ ከፍራሹ ሥር ተወትፏል። ከዚያ መታጠቢያ ቤት ገባ። ማሞቂያው አጠገብ በርጩማ አለ፤ በርጩማው ላይ በፈሰሰው ዱቄት ሳሙና የትንሽ ባዶ እግር ቅርጽ ቀርቷል። ወደ ቀዳዳው ቀና ብሎ ብዙ ቆየ። መርማሪ በነበረ ጊዜ እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ደስ ይለው ነበር።

በማግስቱ ከሰዓት በኋላ ኢንስፔክተሩ ግርማን ሊወስደው መጣ። ማንደፍሮ ሁሉንም ሳሎን ሰበሰባቸው።

«ዛሬ ከራሴ ልናገር» አለ ለኢንስፔክተሩ። «መልእክት የሚተው ሰው ጽሑፉን ወደ ውጭ ያደርጋል። ይህ ግን ወደ ውስጥ ታጥፎ ነው የተወተፈው። ስለዚህ መልእክት አይደለም፤ የተደበቀ ዕቃ ነው። ደግሞ ግርማና አበጋዝ ቀዳዳውን ቆመው ይደርሱበታል። የወተፈው ሰው በርጩማ ላይ ወጥቷል፤ እግሩም ትንሽ ነው። እጥፋቱን ተመልከቱ፤ ጥግ ጥጉ እንደ ፖስታ ነው። የሟቹ አልጋም እንደዚሁ ተነጥፏል፤ አዛውንቶች መጦሪያ የሚነጠፈው እንዲህ ነው።»

ግርማ ገባው። «ይተዉት ጋሼ» አለ። «እኔን ይውሰዱኝ።»

«ዝም በል አንተ!» አለችው ብርነሽ። ደች ጠፋባትና በአማርኛ ቀጠለች። «ዓርብ ማታ እኔ ነኝ የወሰድኩት። የኛ ኤምባሲ ሰልፍ ላይ ፎቶ አንሺ ይልካል አሉ። እናቱ አገር ቤት ናቸው። መፈክር ካልያዘ ማን ያየዋል ብዬ…»

«ቀዳዳውስ?»

«ብርድ ይገባበታላ! አባባ ሲታጠብ ነፋስ ይመታዋል። ሁለቱንም ላድን ብዬ ነው።»

አበጋዝ በር የሚያህል ትከሻውን ይዞ ወደ ግድግዳው ዞረ።

«ምን አለች?» አለ ኢንስፔክተሩ።

«ልጁ ንጹሕ ነው። አደጋ ነው» አለ ማንደፍሮ። ከዚህ ያጠረ ትርጉም ሠርቶ አያውቅም።

ኢንስፔክተሩ ክፉ ሰው አልነበረም። ባርኔጣውን በእጁ ይዞ፣ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ «ቀዳዳው እኮ ሰው እንዳይሞት የተበጀ ነው» አለ። «ማሞቂያው አየር ካጣ መርዝ ያወጣል። የነገራት ሰው የለም?»

ማንደፍሮ «እግዜር ያጽናሽ ይላሉ» ሊላት አፉን ከፈተ። ብርነሽ ግን ከደች አዛውንቶች ጋር ዓመታት የዋለች ናት፤ አስተርጓሚ አላስፈለጋትም። ቀስ ብላ ተነሣችና የሳሎኑን መስኮት እስከ ጥጉ ከፈተችው።

ብርዱ ገባ። ዝጊው ያላት የለም።